ስድስት ዙር ሽቦና ሦስት ሽማግሌ

ኖርዌጂያኖች ነዳጅ ባያገኙ ኖሮ ዕቃ መጠገን ይማሩ ነበር! ይህን የምለው ባስጠጋኝ አገር ላይ ክፉ ለመናገር አይደለም... ግን እውነት ነው። በዚህ አገር ዳቦ መጥበሻ ሲበላሽ ይጣላል። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ይጣላል። ወንበር አንድ እግሩ ከላላ፣ ከሦስቱ ጤነኛ እግሮቹ ጋር ይጣላል። እኔ የምኖርበት የኦስሎ ሰፈር፣ ሮመን፣ ከሕንጻችን ሥር ያለውን የቆሻሻ ክፍል ብታዩት... ሰው ቆሻሻ ይለዋል፣ እኔ ገበያ ነው የምለው። የቤቴ ግማሹ ዕቃ ከዚያ የወጣ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከዚያ በወጣ ዕቃ የተጠገነ ነው።

ተካ እባላለሁ። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ የማታውቁኝ ደግሞ ዕቃ ተበላሽቶባችሁ አያውቅም ማለት ነው። ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። ደሴ ላይ፣ ገና ጢም ሳላወጣ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ ገጣጠምኩ። ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ጮኸ። ፋብሪካዎች ብሎን እንደሚያባክኑ የገባኝ ያኔ ነው! ከዚያ ወዲህ እጄ ገብቶ ሳይድን የቀረ ነገር አላስታውስም። የባለቤቴ የየሺ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ... እሱ ግን ገና በሕክምና ላይ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሐኪሜ ሲጋራ ተው አለኝ፤ ተውኩ። በምትኩ ልጄ ሶስና፣ ሆስፒታል የምትሠራው፣ ያቺን ቬፕ የሚሏትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ይቺ ከሲጋራ መውጫ ድልድይ ናት፤ ትሻገርና እሷንም ትተዋታለህ» አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ድልድዩ ላይ ቤት ሠራሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ነገሩ ትንሽ ምድጃ ነው። ባትሪ አለው። የተጠመጠመ ሽቦ አለው፣ ኮይል ይባላል። በጥምጥሙ መሐል ጥጥ ያልፋል፤ ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፤ ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፤ እናንተ ትስባላችሁ። በቃ! ታዲያ ኮይሉ አርጅቶ መቃጠል ሲጀምር፣ የሱቁ ልጅ ምን ይላል? «አዲስ ግዛ!» ጣት የማታክል ሽቦ ለመጠምጠም ሰው ሱቅ ድረስ ይሂድ? እኔ? ተካ? ኮይል ልግዛ?

ያን ቅዳሜ ጠዋት ኮይሌ ተቃጠለ። አንዴ ብስበው የተቃጠለ ጎማ ጎማ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም... ግን ያን ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል! ሶስናን ሊጠይቁ!

ሶስና ከጠዋቱ መጥታ ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ስትንጎዳጎድ ነበር። ቆየት ብላ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወደኔ መጣች።

«አባዬ፣ እኔና ናቲ ወስነናል። ይህን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌ የተላከው ደስ እንዲልህ ነው። ናቲ እዚያ ሰሜን ጫፍ፣ ትሮምሶ ሥራ አግኝቷል፣ በዚህ ወር እንሄዳለን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ ሰይድ ደግሞ በሳምንቱ ወደ አገር ቤት ይበራሉ። ሁለተኛ ዙር የለም። ዛሬውኑ እሺ በል።»

«እናያለን።»

«‹እናያለን› ምንድነው? ዛሬ እሺ ካላልክ ሮድሁሱ ሄደን፣ እዚያው ማዘጋጃ ቤቱ ተፈራርመን እንሄዳለን። ግን...» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ግን ሳትመርቀኝ መሄድ አልፈልግም።»

ፍረዱኝ እስቲ። ልጄን እወዳታለሁ። ናቲንም እወደዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የጨረሰ፣ ሰው ሲያወራ የሚያዳምጥ፣ በተለይ እኔ ሳወራ የሚያዳምጥ ልጅ ነው። ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት ታይቶ ያውቃል? በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» ይላሉ፤ ቆመው ይለምናሉ። አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጣራ ጣራ ያያል፣ «እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። ክብሩ ይህ ነው! የየሺ አባት የኔን ሽማግሌዎች ክረምቱን ሙሉ አመላልሰዋቸዋል፤ አንደኛው ጫማ አልቆባቸዋል። እኔ ታዲያ ሴት ልጄን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል፣ እንደ ትርፍ ዕቃ ላስረክብ?

ንግግር ማዘጋጀት ነበረብኝ። ለዘብ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ሽማግሌ አሳዝኖ የሚመልስ ንግግር። እንዲህ ያለ ንግግር ደግሞ ያለ ጭስ አይመጣልኝም። ሶስና ኮይሉ ላይ ጎንበስ ስል አየችኝና ገባት።

«አባዬ ዛሬ ምንም ነገር እንዳትፈታ! ሱቅ ሄደህ ግዛ፤ እኔ ልሂድልህ?»

«ሂጂ እናትሽን አግዢ» አልኳት።

እስቲ ጀማሪዎች ቀረብ በሉ፣ ላስተምራችሁ። ቀጭን ካቻቢቴ ትይዛላችሁ። ለዚሁ የተሠራውን ሽቦ በካቻቢቴው አንገት ላይ ትጠመጥማላችሁ፤ ዙር በዙር ላይ ሳይወጣ፣ እንደ ወታደር ሰልፍ ተጠጋግቶ። ስድስት ዙር። አምስት ያንሳል፣ ሰባት ይበዛል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ሁለቱን ጫፎች በየብሎናቸው ታስራላችሁ፤ የተረፈውን በፒንሳ ትቆርጣላችሁ። የተረፈው ከብረቱ ጋር ከተነካካ ባትሪው ይቆጣል፤ የባትሪ ቁጣ እንደ ሚስት ቁጣ አይደለም፣ በይቅርታ አይበርድም። ከዚያ በቴስተር ኦሙን፣ ማለት ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገድብበትን ልክ፣ ትለካላችሁ። ልኩ ካልመጣ ፈታችሁ እንደገና! ከዚያ ቁልፏን ለአፍታ ተጭናችሁ ትለቃላችሁ፤ ሽቦው ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እኩል መቅላት አለበት። የኔ እንዴት እንደቀላ ባያችሁ! እንደ ኦስሎ የበጋ ጀንበር፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል...

ከዚያ ጥጥ ይገባል። ጥጡ ጠብቆ ከገባ ፈሳሹ አያልፍም፤ ላልቶ ከገባ ይንጠባጠባል። ስትጎትቱት ትንሽ እምቢ ብሎ እሺ የሚል ይሁን፤ ልክ እንደ ሴት ልጅ አባት። በመጨረሻ ጥጡን በፈሳሹ ታርሱታላችሁ፣ እስኪጠጣ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፏን ትጫናላችሁ። ይህን የመጨረሻውን አስምሩበት።

ሱቁ ለዚህ ሥራ ብሎ የሚሸጠው ጥጥ አለ። ጥጥ ይሉታል እንጂ ወረቀት ነው! የሺ ግን እህቷ ከደሴ የላከችላት ባዘቶ አላት፤ ቴሌቪዥን እያየች በእንዝርት የምትፈትለው፣ እንደ ደመና የተዳመጠ፣ ንጹሕ የወሎ ጥጥ። ዓለም ላይ ያሉ የቬፕ ሰዎች ሁሉ ይህን ቢያውቁ ደሴ ይሰለፉ ነበር። ከየሺ ቅርጫት ቆንጠር አደረግኩ። ቆንጠር ስላችሁ... እቅፍ ሙሉ። ለመምረጥ ነው እንጂ ለመጨረስ አይደለም።

የት ልሥራ? ሥራዬ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ነው፤ የየሺ ሕግ ነው። ያን ቀን ግን በረንዳውን ድስት ሞልቶታል። ክረምት ነዋ! ፍሪጁ ሲሞላ የሮመን በረንዳ ራሱ ፍሪጅ ነው። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ፣ ሰላጣ... መቆሚያ የለም። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ፣ የጫማ ማውለቂያዋ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጥሩ ነው። ለሽማግሌ ብዬ የለበስኩትን አዲሱን ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ባዘቶውን ጭኔ አጠገብ ከምሬ፣ ጥጡን በጥምጥሙ መሐል አሳለፍኩ። አላጠበቅኩም፣ አላላላሁም። የጥበብ ሥራ!

ልክ ያኔ ስልኬ ጮኸ። አቶ ባህሩ ናቸው፤ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ከላምበርትሴተር ሦስት ሆነው ባንድ ባቡር መጥተዋል።

«ጋሽ ተካ፣ ሮመን ወርደናል። እየመጣን ነው።»

እየመጣን ነው! ንግግሬ ገና ሀ አላለም! ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መሐል እንደያዝኩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አልኩና... ቁልፏን ተጫንኩ።

ረሳሁ አልልም። እኔ አልረሳም። ማርጠቡ ወደ በኋላ ዞረ እንጂ፤ የቅደም ተከተል መዛነፍ ነው። ደረቅ ጥጥ በጋለ ሽቦ ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ለማንም አይጠፋም። ብልጭ አለ። ብልጭታው ወደ ባዘቶው ዘለለ። ባዘቶው... የወሎ ጥጥ ጥራቱ እዚህ ላይ ነው... ባንድ ጊዜ ቦግ! ጋቢዬን አውልቄ ተኛሁበት። እሳቱ ወዲያው ጠፋ፤ የኔ ፍጥነት ይመስገን። ጭሱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጣራ ወጣ። ጣራው ላይ ምን አለ? ኖርዌጂያን በዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚያምነው ያ ክብ የጭስ ማንቂያ!

እሪ አለ! የኛ ብቻ አይደለም፤ የሕንጻው ማንቂያ ሁሉ የተያያዘ ነው። ከምድር እስከ ላይ እሪታ ሆነ።

የሺ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ጭሱን አየች። እኔን አየች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ያለውን ጥቁር ነገር አየች።

«ባዘቶዬ ነው?»

«ነበር» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ! ለልጅህ መቀነት የምፈትለውን!»

ሶስና ካፖርቷን ለበሰች። ፊቴን ሳታይ በሩን ከፈተች።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመግቢያችን የእሳት ጉዳይ ተጠሪ ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኛ! ቶሩን የምትባል ጎረቤታችን የቦረትስላጉ፣ የቤት ማኅበራችን፣ ሊቀመንበር ናት፤ ባለፈው ስብሰባ «ማን ፈቃደኛ ነው?» ስትል እጄን አወጣሁ። ሌላ እጩ አልነበረም፤ ቢኖርም እኔን ነበር የሚመርጡት። ቢጫ ሰደርያ ተሰጥቶኛል። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ጋቢዬን አነሳሁ፤ መሐሉ ላይ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ገልብጬ ለበስኩት፣ ሰደርያውን ከላይ ደረብኩበት፣ ቀዳዳው ጠፋ። ከዚያ «ውጡ! ተረጋጉ! አሳንሰር እንዳትጠቀሙ!» እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ። ሰው እንዲህ ያለ ተጠሪ ማግኘቱ ዕድል ነው።

መሰብሰቢያችን የመኪና ማቆሚያው ነው። በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሰው በካልሲ፣ ሰው በፎጣ፣ ሰው ከድመቱ ጋር ቆሟል። የሺ የቀይ ወጡን ድስት እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጥታለች፤ «እሳት ቢበላው አይቆጨኝም፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ እንዳይቀምሰው ነው» አለች። እኔ ሰው እየቆጠርኩ ስዞር... ሦስቱ ሽማግሌዎች በበረዶው መሐል ነጭ በነጭ ለብሰው ብቅ አሉ! ከፊት አቶ ባህሩ፣ ቀጥሎ እዚሁ ኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍና ቅመም የሚሸጡት ሐጂ ሰይድ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ከኋላ ደግሞ ዶክተር ግርማ ስልካቸውን እያዩ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ አቶ ባህሩ።

«ምንም፣ ምንም! አንዱ ቀሽም የሆነ ነገር አቃጥሎ ነው። ያው የዛሬ ልጅ ነዋ! ሦስተኛ ፎቅ ተማሪዎች አሉ... ትውልዱ እሳት እንኳ መያዝ አልቻለም!»

አቶ ባህሩ ጢሜን ትክ ብለው አዩኝ። «ግራው ጠቁሯል» አሉ።

«እርጅና ነው» አልኩ።

«ያ... እርጅናስ ያነጣል» አሉ፤ ኖርዌይ የቆየ ሰው «አዎ» ሲል «ያ» ነው የሚለው። ሾፌር የነበረ ሰው በመስታወት ኋላውን ማየት ልማዱ ነው።

ቶሩን መጣች። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በብርድ ቆመው ስታይ አንጀቷ ተላወሰ። እነዚያን ኖርዌጂያን ጫካ ሲሄድ ከቂጡ ሥር የሚያነጥፋቸውን የስፖንጅ ቁራጮች ከመኪናዋ አውጥታ፣ የአጥሩ ግንብ ላይ ደረደረችላቸው።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም!» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

ቶሩን ደነገጠች። የሱፍ ብርድ ልብስ ጨመረችበት። «አሁንስ?»

«አንቀመጥም!»

ወደኔ ዞረች። «ምን ሆነው ነው? ተቃውሞ ነው?»

«የለም፤ ልጄን ሊጠይቁ መጥተው ነው።»

«ሶስናን? ታዲያ እሷ እዚያ ቆማለች አይደል... ለምን ራሷን አይጠይቋትም?»

አሁን ይህን በኖርዌጂያንኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? «አባትየው በቅድሚያ መከበር አለበት» አልኳት። ሰደርያዬን አየችና እንደገባት ራሷን ነቀነቀች።

ሐጂ ሰይድ ስፖንጁን በዓይናቸው ሰረቁት። «ያ ረቢ፣ ጉልበቴ...»

«ሐጂ፣ ይታገሡ!» አሏቸው አቶ ባህሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደኔ ዞሩ። «ጋሽ ተካ፣ ቤት ቢሆን ደስ ባለን። ግን ቆመናል፤ ቤተሰቡም ተሰብስቧል፤ ጎረቤቱም ምስክር ነው። እንግዲህ እንናገር። ልጃችን ናትናኤል ልጅዎን ሶስናን ወዷል። ልጅ ይሁነን፣ ልጅ ይሁንዎ ብለን መጥተናል። ይስጡን።»

ጎረቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ድመቷ እንኳ ዞረች። ሶስና ከየሺ ጎን ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። የሺ ድስቷን ጠበቅ አድርጋ በከንፈሯ ብቻ «እሺ በል» አለችኝ።

እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጣራ ስላልነበረ ሰማይ ሰማይ አየሁ። ንግግሩ ያለ ጭስ መጣልኝ! እንዲያውም ጢሜ ላይ የቀረችው ጭስ ሳትረዳኝ አልቀረችም።

«የመጣችሁበት ጉዳይ ትልቅ ነው» አልኩ። «እናንተም ትልቅ ናችሁ። እኛም ብቻችንን አይደለንም፣ ቤተ ዘመድ አለን። አገር ቤት ያለው አጎቷም ይጠየቃል። ስለዚህ እንመካከርና፣ ደጉን ቀን መርጠን...»

የሶስና ፊት ከሰል መሰለ። ዞር አለችና ወደ ባቡሩ መንገድ መራመድ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ አንድ ሰው እንዲጠራት የምትፈልግ ሰው አካሄድ። ልጠራት ፈለግኩ። ግን ንግግር ጀምሬያለሁ፤ ምላሴን በምን አቁሜ ልመልሰው?

ልክ ያኔ የሕንጻው በር ተከፈተ። ሽማግሌዎቹን ስቀበል ገብቶ ሲፈትሽ የቆየ አንድ ረጅም ጎረምሳ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወጣ። ጓንት ባደረገ እጁ መዳፍ ላይ ቬፔ! ወደ መሐል ገብቶ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«እሳት የለም፣ ጠፍቷል። መነሻው ይቺ ናት። የማን ናት?»

ቶሩን ሁላችንንም ባንድ ዙር አየችን። የእሳት ተጠሪው እኔ! ቢጫ ለባሹ እኔ! አሁን በሦስተኛ ፎቅ ተማሪዎች ላይ ትውልድ ሙሉ የረገምኩት እኔ! ተማሪዎቹ ደግሞ እዚያው በፒጃማ ቆመዋል... ከበረዶው ሥር መግቢያ ፈለግኩ።

አቶ ባህሩ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። በአክብሮት ቋንቋ የመጡት ሰውዬ አንቱታውን ጣሉት።

«ያንተ ነው አይደል?»

«ዝም በል!» አልኩ እኔም።

«የኔ ነው ልበልልህ?»

«ባህሩዬ! ሞት ይርሳህ! በልልኝ!»

«እልልሃለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለባዳ ዋሽቼ አላውቅም። የምዋሸው ለዘመድ ብቻ ነው።»

አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ አውቶቡስ ነድቶ ያረጀ ሰው፣ ተሳፋሪ ሲጯጯህ እንኳ ፊቱ አይለወጥም።

«የማን ናት?» አለ ጎረምሳው ደግሞ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም። ልጅቷም አልሰማችም፤ እየሄደች ነው።»

«ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ሶስና! ሰጥቻለሁ! ይባረክ! ትዳራችሁ ይባረክ! ተቀመጡ እንግዲህ!»

ሐጂ ሰይድ «ተቀ...» ስል ነው ስፖንጁ ላይ ያረፉት። የሺ ድስቱን ለዶክተሩ አስታቅፋ እልልታዋን ለቀቀችው! እልልልልል! ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ቶሩን እየሮጠች መጥታ «ማን ተጎዳ?» አለች። ሶስና ግን ተመልሳ እየሮጠች መጣች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ ባንድ ቀን!» አለችኝ። «ላንቺ ብዬ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ለሷ ነው።

አቶ ባህሩ ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን አወጡ። «የኔ ናት» አሉ። «ጠዋት ለዘመዴ ላሳየው ብዬ ይዤ መጥቼ፣ ሳላጠፋት ትቻት የወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ጎረምሳው ገሠጻቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተገሠጹ። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር። ሰደርያዬ በደረቴ ላይ፣ ክብሬ በቦታው፣ ልጄ በደስታ... ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ነበር እኮ! ግን ጎረምሳው መሄድ ሲገባው ቬፗን ወደ ብርሃን ገልበጥ አደረጋት። ዓይኑን አጠበበ።

«ይቅርታ... ይህን የጠመጠመው ማን ነው?»

ወደ ጎረምሳው አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።

«ምነው?» አሉ አቶ ባህሩ።

«እኔም ቤቴ ራሴ እጠመጥማለሁ። እንዲህ እኩል ሆኖልኝ አያውቅም። እዩት፣ ቃጠሎ ደርሶበት እንኳ ዙሩ አልተዛነፈም። የባለሙያ እጅ ነው።»

የባለሙያ እጅ! የኖርዌይ መንግሥት ደንብ ልብስ ያለበሰው ሰው፣ በጎረቤት ፊት፣ የባለሙያ እጅ አለ!

አቶ ባህሩ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ያ... እኔ ነኝ። ቀላል ነገር ነው» አሉ።

ቀላል ነገር! ሰማችሁ? ጥርሴን ነከስኩ። የጋቢዬን ጫፍ ጨበጥኩ። «ዝም በል ተካ፣ ዝም በል» አልኩ ለራሴ። ሶስናም ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ልጄ ስለሆነች ታውቀኛለች። «አባዬ፣ እንዳትናገር» አለች በጥርሷ መሐል።

«ስንት ዙር ነው ያደረግከው?» አለ ጎረምሳው።

አቶ ባህሩ አሰቡ። «ሃያ» አሉ።

«ስድስት ነው!!!»

እኔ ነኝ የጮህኩት። ሕንጻው አስተጋባው። «ሃያ ዙር ብትጠመጥም ባትሪህ ያለቅሳል! ስድስት ነው! በቀጭን ካቻቢቴ ላይ! ዙር ከዙር ተጠጋግቶ! ቴስተር ይዞ ያውቃል እሱ? አውቶቡስ ነው የሚያውቀው! እኔ ነኝ የሠራሁት! ደሴ ላይ ጢም ሳላወጣ ጀምሬ...»

ዞር ብዬ አየሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። ተማሪዎቹ በፒጃማቸው ያዩኛል። ቶሩን ቀስ ብላ ተጠጋችኝ፣ የሰደርያዬን ማሰሪያ ፈታች፣ አወለቀችልኝ። የጋቢዬ ቀዳዳ ለኦስሎ ሕዝብ በይፋ ተገለጠ።

«ጋሽ ተካ፣ ዋሽቼልህ ነበር እኮ» አሉ አቶ ባህሩ፣ ስፖንጁ ላይ ከሐጂ ሰይድ ጎን እየተቀመጡ። «በራስህ ፈቃድ ነው ያፈረስከው። ልጅቷን ግን አንመልስም።»

«ማን መልስ አለህ?» አልኩ።

ጎረምሳው ጓንቱን አውልቆ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ መዳፉ ላይ «ስድስት» ብሎ ጻፈ። «ጥጡስ?» አለኝ። እኔም ብርዱን ረስቼ፣ የሺን ረስቼ፣ ሽማግሌዎቹንም ረስቼ፣ ከሀ ጀምሬ አስረዳሁት። ሶስና ከኋላዬ ቆማ ከናቲ ጋር በስልክ ስትስቅ ይሰማኛል። «ያ፣ ያ፣ እሺ ብሏል... ነገሩ ረጅም ነው፣ ስትመጣ ታየዋለህ... አዎ፣ ቀዳዳ ጋቢ ለብሶ እያስተማረ ነው።»

አሁን የሮመን ሰው ሲያገኘኝ «ለአንዲት ሲጋራ ብለህ ልጅህን ሰጠህ ይባላል» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ልጄን ሰጥቼ ያገኘሁት አማች ከወርቅ ይበልጣል፤ አቶ ባህሩም ጥፋቴን ሊሸከሙልኝ ፈቅደው ነበርና አከብራቸዋለሁ። ጥፋቴን ማንም የፈለገ ይውሰድ። ልጄንም ድሬያለሁ። ሙያዬን ግን፣ ሽማግሌ ቢላክ፣ ክረምቱን ሙሉ ቢመላለስ፣ በረዶ ላይ ቆሞ ቢለምን... ለማንም አልድርም!